ሙሉው ስንት ነው

መጋቢት 9 ቀን 2016፣ ሰኞ

ሙቀት። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ አየር የለም፤ መስኮቶቹ ተከፍተውም ያው ነው። ሰባተኛ ክፍል። የፐርሰንት ምዕራፍ ተጀመረ።

ስሌቱን ያውቁታል። የ350 ብር 20 በመቶ? ሰባ። የ80 ብር 15 በመቶ? አሥራ ሁለት። ጥያቄውን ሳልጨርስ እጃቸው ይወጣል። ከዚያ ወርድ ፕሮብሌም ጻፍኩ። «በአንድ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ተማሪዎች 45 በመቶው ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ 270 ቢሆኑ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በጠቅላላ ስንት ናቸው?» ዝምታ። ቀጥሎ የእስክሪብቶ ድምፅ። በየወንበሩ መሃል ሳልፍ ደብተሮቹ ላይ ያየሁት አንድ ዓይነት ነው፦ 270 በ45 ተባዝቶ ለ100 ተካፍሏል። 121.5።

አንድ መቶ ሃያ አንድ ተማሪ ከግማሽ። ሴቶቹ ብቻቸውን 270 ሆነው፣ ሴትና ወንድ ሲደመር ከዚያ አነሰ። ማንም አልደነገጠም። ከስሌቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ይሄ አለመደንገጥ ነው።


መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ጠዋት ደመና ነበር። በልጉ መጣ ስንል ተበተነ።

ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሮቹን አውጥቼ በቃሌ ነገርኳቸው። አንድ ትምህርት ቤት አለ። ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ ሴቶች ናቸው። የሴቶቹን ብዛት እናውቃለን፣ የሁሉንም አናውቅም። መልሱ ከሴቶቹ ብዛት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? «ይበልጣል!» ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ። ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አዩኝ።

ስለዚህ ያውቃሉ። ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ያውቃሉ። 45 እና 270 ሰሌዳ ላይ ሲወጡ ያ እውቀት የት ይሄዳል? «በመቶ የሚል ካያችሁ አባዙና ለመቶ አካፍሉ» የሚል ነገር ከታች ክፍል ይዘው መጥተዋል። ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ አምነውታል። ወይ ሌላ ምክንያት አለ። ገና አልገባኝም።

የፊዚክሱ መምህር ሻይ ላይ፣ ምዕራፉ ከፋሲካ በፊት ካላለቀ ፋይናል ላይ ችግር ይሆናል አለ። ልክ ነው። ግን 121.5 ይዘው ከወጡ አለቀ የሚባለው ምኑ ነው?


መጋቢት 16፣ ሰኞ

ደረሰኝ አምጡ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የምግብ ቤት፣ የጫማ ቤት፣ የቀለም ሱቅ። አንዳንዱ ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ካላዘነበሉት አይነበብም።

አንዱን መረጥኩ። የቧንቧ ዕቃ ነው፤ ድምሩ 1,150 ብር። ከድምሩ በላይ ያሉትን መስመሮች በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ወንበር ለወንበር አሳየኋቸው። ቫት 15 በመቶ ነው። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ታክሱ ስንት ነው? 172.50። 172.50። 172.50። ጣቴን አነሳሁ። 150።

«ቲቸር፣ ማሽኑ ተሳስቷል።»

ረጅሙ ልጅ ነው። ከልቡ ነው ያለው። እሺ እንፈትሸው አልኩ። ታክሱ 172.50 ከሆነ የዕቃው ዋጋ 977.50 ሊሆን ነው። የእሱ 15 በመቶ ስንት ይመጣል? 146 ብር ከ63 ሳንቲም ገደማ። ከ172.50 ጋር አልገጠመም። ደግመው ሠሩት፣ አሁንም አልገጠመም። 15ቱ የ1,000 ብር ነው እንጂ የ1,150 አይደለም። ታክስ የተጨመረበት ዋጋ 115 በመቶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ መቶው ውስጡ ነው ያለው፣ ፈልጎ ማውጣት ያስፈልጋል።

አባቷ ሱቅ ያላቸው ልጅ ሳትጠየቅ ተናገረች። «ለ115 ተካፍሎ በ15 ይባዛል። አባቴ እንደዚያ ነው የሚሠራው።» ለምን? አላወቀችም። ነገ ምክንያቱን ይዘሽ ነይ አልኳት።


መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ይዛ መጣች። «1,150ውን 115 ቦታ እንከፍለዋለን፣ አንዱ ቦታ 10 ብር ይደርሰዋል፣ 15ቱን ቦታ መንግሥት ይወስዳል።» የአባቷ አነጋገር አይመስለኝም። የራሷ ነው።

መብራት የለም። ቴስቱን ማባዛት ስላልተቻለ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት።


መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ጫማ 1,000 ብር ነበር። ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ። ከዚያ ለበዓል 20 በመቶ ቅናሽ ተደረገ። አሁን ስንት ነው? «አንድ ሺህ» አለ ክፍሉ። ሠሩት፤ 1,200፣ ቀጥሎ 960። አርባ ብሩ የት ገባ?

አብዛኞቹ ሁለተኛው 20 የ1,200 መሆኑን አዩ። ረጅሙ ልጅ አልተቀበለም። ስሌቱን ሠርቶ 960 አግኝቶም አልተቀበለም። «20 ወጥቶ 20 ከወረደ እኩል ነው።» ደውል እስኪደወል ተከራከረ። ግትርነቱን አከብራለሁ። ሌሎቹ ያመኑት መልሱን አይተው ይሆናል፤ እሱ የሚፈልገው ነገሩ እንዲገጥምለት ነው።

እያሰብኩ ወደ ቤት መጣሁ። ለእሱ 20 በመቶ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ከኪስ የሚወጣ፣ ተመልሶ ወደ ኪስ የሚገባ። በመጀመሪያው ቀን 270ን በ45 ያባዙትም፣ ከ1,150 ላይ 172.50 ያነሱትም ይሄው ይመስለኛል። በመቶ የሚለው ቃል «የምኑ?» ብሎ እስኪጠየቅ ድረስ ምንም አልተናገረም። 20 ብር ብሎ ማቆም ይቻላል። 20 በመቶ ብሎ ማቆም አይቻልም።

ይሄ ልክ ከሆነ ትምህርቱን ከሌላ ቦታ መጀመር ነበረብን። ልክ ካልሆነስ? ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ ከማንኛውም ስሌት በፊት አንድ መስመር ይጽፋሉ፦ «ሙሉው ______ ነው።»


ሚያዝያ 4፣ ዓርብ

ትናንት ሌሊት ዘነበ። ግቢው ጭቃ፣ አየሩ ግን ንጹሕ። ረቡዕ ኢድ ስለነበር ሳምንቱ አጭር ነው።

ክብ ግራፍ። ኮምፓስ ያለው ጥቂት ነው፣ ፕሮትራክተር ክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ከታላቅ እህቷ የተዋሰችው ልጅ ናት ያመጣችው። የስኒ ማስቀመጫ አስመጥቼ በዙሪያው አሰመርኳቸው። ክቡን ቆርጠው አንዴ አጠፉት፣ ግማሽ። ሁለቴ፣ ሩብ፤ 90 ዲግሪ፣ 25 በመቶ። ሦስቴ፣ 45 ዲግሪ። በመቶስ? 12 ተኩል። ወረቀቱ ራሱ አስተማራቸው፤ እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ከዚያ 10 በመቶ አጥፉ አልኩ። አጠፉ፣ ፈቱ፣ ደግመው አጠፉ። አይመጣም። በግማሽ በግማሽ ሲታጠፍ አሥር ቦታ አይወጣም። እዚህ ላይ ነው ፕሮትራክተሩ ያስፈለገው። 360ን ለ100፣ 3.6። አንድ በመቶ ማለት 3.6 ዲግሪ። ያቺ አንዲት ፕሮትራክተር ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ፔሬዱ አልበቃም፤ የታሪክ መምህሯ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ፕሮትራክተር የሚሰጥ አካል ቢኖር። ርካሽ ዕቃ ነው።


ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

ልጆቹ ሁሉ የሚያውቁት አንድ በመቶ አለ። የዓባይ ውሃ 86 በመቶ ከኢትዮጵያ ይሄዳል። 85 የሚሉም አሉ። ሙሉውስ ምንድን ነው? «ውሃው።» የቱ ውሃ? «የዓባይ።» የትኛው ቦታ ላይ የተለካው? ዝም።

ሙሉው በዓመት አስዋን ላይ የሚደርሰው ውሃ ነው፤ በአማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ የሚታወቀው። ከእሱ 59 በመቶ በጥቁር ዓባይ፣ 14 በመቶ በባሮ በኩል በሶባት፣ 13 በመቶ በተከዜ በኩል በአትባራ። ድምሩ 86። የቀረው 14 ከምድር ወገብ ሐይቆች በነጭ ዓባይ የሚመጣው ነው። ዲግሪውን አወጡ፦ 212.4፣ 50.4፣ 46.8፣ 50.4። ደመሩት። ልክ 360። እንዲህ ያለ ደስታ በዚህ ክፍል አይቼ አላውቅም። አጨበጨቡ።

ቀለም ሲቀቡ ሰማያዊ አለቀ።

ከመስኮቱ ጥግ የሚቀመጠው፣ ብዙም የማይናገረው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የህዳሴው ግድብ ያለው ጥቁር ዓባይ ላይ ነው አይደል? ባሮና ተከዜ በግድቡ አያልፉም። ታዲያ በግድቡ የሚያልፈው 86 ሳይሆን 59 ነው።» ቀጥ ብዬ አየሁት። ልክ ነው። ድንድርና ራሃድም ሱዳን ውስጥ ከግድቡ በታች ስለሚቀላቀሉ ከ59ኙም ትንሽ ይቀንሳል። ይህን ስነግረው አንገቱን ነቀነቀና ክቡ ላይ ዓባይ የሚለውን ክፍል በጥቁር አከበበው።

ሌላም አለ፣ አልነገርኳቸውም። የክረምቱ ውሃና የበጋው ውሃ አንድ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ዓባይ ሲሞላ የእኛ ድርሻ ከፍ ይላል፣ በበጋ ነጭ ዓባይ ያመዝናል። 86 የዓመቱ አማካይ ነው። ክቡ ላይ ወር የለም። እንዴት እንደማሳያቸው ገና አላወቅኩም።


ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

ማታ ስለ ክብ ግራፍ አመጣጥ አነበብኩ። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር፣ 1801 እ.ኤ.አ.። የቱርክን ግዛት በክብ ሥሎ እስያ፣ አውሮፓና አፍሪካ ውስጥ ያለውን መሬት ለሦስት ከፈለው። ባር ግራፍንም ያስተዋወቀው ይሄው ሰው ነው፣ በ1786።

አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። የፕሌይፌር ክቦች እኩል አይደሉም። ሰፊ አገር ትልቅ ክብ፣ ጠባብ አገር ትንሽ ክብ፤ የክቡ ስፋት የአገሩን የቆዳ ስፋት ተከትሎ ነው የተሣለው። በእኛ መጽሐፍ ክቡ ሁሉ እኩል ነው። የመቶ ሰው ክብም የሚሊዮን ሰው ክብም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሰውዬው ሙሉውን ሳይደብቅ ነበር የሣለው።


ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

ሁለት ትምህርት ቤት፣ ሁለት እኩል ክብ። በሀ 30 በመቶው እግር ኳስ ይመርጣል፣ በለ 20 በመቶው። እግር ኳስ የሚመርጥ ተማሪ የሚበዛው የቱ ጋ ነው? «ሀ።» ሦስት አራት ልጆች ብቻ ዝም አሉ። ከእነሱ አንዷ፣ «ሙሉው አልተጻፈም» አለች።

ያን ጊዜ ጻፍኩት። ሀ 400 ተማሪ፣ ለ 900። 120 እና 180። እንደ ፕሌይፌር ቢሣሉስ? የስፋታቸው ንጽጽር 4 ለ9፣ ሬዲየሳቸው 2 ለ3። አንዱን በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላውን በ6 ሣልናቸው። ከትንሹ ክብ የተቆረጠው ወፍራም ቁራጭ ከትልቁ ከተቆረጠው ቀጭን ያንሳል። ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ አዩት።


ሚያዝያ 30፣ ረቡዕ

ከበዓል መልስ። ክፍሉ ጎዶሎ ነው። ፀሐዩ ይከብዳል።

መልመጃው የአንድ ቤተሰብ የወር ወጪ ነው። ምግብ 35፣ የቤት ኪራይ 25፣ ትራንስፖርት 10፣ ልብስ 10፣ ቁጠባ 20። ከኋላ ያለችው ልጅ መጽሐፉን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ የማን ቤት ነው?» የምሳሌ ነው አልኳት። «20 በመቶ ቁጠባ?» አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የሚሻል መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው።


ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ይሄን ትምህርት ልስጥ አልስጥ ስል ከረምኩ። ዛሬ ሰጠሁት።

መስከረም መጨረሻ ላይ የወጣው የ12ኛ ክፍል ውጤት። በ2015 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት በመቶ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር ተውኩ፦ ሙሉው ______፣ ሙሉው ______።

ረጅም ጊዜ ወሰደ። ብዙዎቹ ለሁለቱም «ተፈታኞች» ብለው ጻፉ። አንዱ «ታዲያ 50 በመቶው ካለፈ እንዴት 3.2 ይሆናል?» አለ። በየመንገዱ የምሰማው ጥያቄ ነው፤ አዋቂም እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ቀስ ብለን ለየናቸው። 50ው የነጥብ ነው፤ ሙሉው አንድ ተማሪ ሊያገኘው የሚችለው ነጥብ ሁሉ ነው። 3.2ቱ የሰው ነው፤ ሙሉው የተፈተነው ተማሪ ሁሉ ነው፣ 845 ሺህ ገደማ። አንዱ የአንድ ልጅ ወረቀት ላይ ይለካል፣ ሌላው አገር ላይ። ይሄ ሲገባቸው ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

ከዚያ ክቡ። 3.2 በ3.6፣ 11.52 ዲግሪ። ፕሮትራክተሯ ዞረች። ሁለቱ መስመሮች ከመሃል ሲነሱ ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር ይመስላሉ፤ የሚለያዩት ወደ ዳር ሲደርሱ ነው። ውስጡን ቀለም ለመቀባት እርሳስ መቅረጽ ግድ ሆነ። አንዱ ልጅ ቀለሙ ከመስመሩ አለፈበትና በላጲስ ሲያጠፋ ወረቀቱን ቀደደው። አዲስ ክብ ቆርጦ እንደገና ጀመረ።

27,267 ተማሪ። ቁራጩ ላይ ቁጥሩን የሚጽፉበት ቦታ ስላልነበረ ከክቡ ውጭ ጽፈው በቀስት አመለከቱ።

ፕሮትራክተሯን ያመጣችው ልጅ ሥራዋን ይዛ መጣች። ንጹሕ ሥራ ነው። ትልቁን፣ ያልተቀባውን ክፍል በጣቷ ነካችና «እህቴ እዚህ ውስጥ ናት» አለች። ስለ እህቷ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ፕሮትራክተሩም የእሷ ነው። ጎበዝ ልጅ ናት። ክቡ ውስጥ ግን 49 በመቶ ያመጣውና 15 በመቶ ያመጣው አንድ ባዶ ቦታ ላይ ነው ያሉት። ይህን ነገርኳት። እህቷ 47 እንዳመጣች ነገረችኝ። «ታዲያ ሌላ መስመር ይጨመርበት» አለች።

ማታ ሞከርኩ። ሌላውን መስመር የማሰምርበት ቁጥር የለኝም።


ግንቦት 7፣ ረቡዕ

ስለ ትናንቱ እያሰብኩ ነው። ልጆቹን አስፈራሁ ወይስ አስተማርኩ? አንዱ ወላጅ በር ላይ አግኝተውኝ «ልጄ ማታ የአገሩን ውጤት በክብ ሥላ አስረዳችኝ፤ እኔ ተምታቶብኝ ነበር፣ አሁን ገባኝ» አሉ። ደስ አለኝ። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም።


ግንቦት 16፣ ዓርብ

ሀ ክፍል 40 ተማሪ፣ 90 በመቶ አለፈ። ለ ክፍል 60 ተማሪ፣ 50 በመቶ አለፈ። በጠቅላላ ስንት በመቶ አለፈ? ብዙዎቹ 90ና 50 ደምረው ለሁለት አካፍለው 70 አሉ። የመስኮቱ ጥግ ልጅ 36ና 30 ደምሮ 66 አለ። ሙሉዎቹ እኩል ካልሆኑ በመቶዎቹን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይቻልም። ዛሬ በዚህ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ገባቸው።


ግንቦት 21፣ ረቡዕ

በረዶ ጣለ። የቆርቆሮው ጩኸት ማስተማር ስለከለከለ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ሰማን። ከዚያ ሕዝብ ቆጠራ።

ጥቅምት 1987፦ 53.5 ሚሊዮን ሕዝብ፣ ከተሜው 13.7 በመቶ። ግንቦት 1999፦ 73.75 ሚሊዮን፣ ከተሜው 16.1 በመቶ። ከዚያ ወዲህ አልተቆጠረም። ሁለቱን ክብ ጎን ለጎን ሣሉ። 49 ዲግሪና 58 ዲግሪ። «ብዙም አልተለወጠም» አሉ።

ሙሉውን አውጡ አልኩ። 7.3 ሚሊዮን ከተሜ 11.9 ሚሊዮን ሆኗል። ከስድሳ በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። የገጠሩ ድርሻ ከ86.3 ወደ 83.9 ወርዷል፤ የገጠሩ ሰው ግን ከ46 ሚሊዮን ወደ 62 ሚሊዮን ገደማ ጨምሯል። ድርሻው ቀንሶ ብዛቱ ጨመረ። ረጅሙ ልጅ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ከተሜው በስንት ጨመረ ለሚለው ሦስት መልስ መጣ። በ2.4 የመቶኛ ነጥብ። ድርሻው ከነበረበት በ17.5 በመቶ። ብዛቱ በ62 በመቶ። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ከአንድ ሠንጠረዥ ነው የወጡት። ጋዜጣ ሦስቱን እያፈራረቀ ሊጽፍ ይችላል፣ ማንም ዋሸ አይለውም። ይህ ለልጆች እንዴት ይነገራል? በነገርኳቸው ጊዜ አንዷ «ታዲያ የቱን እንጻፍ?» አለች። ጥያቄው የጠየቀውን፣ አልኩ። መልስ ነው ግን በቂ አልመሰለኝም።


ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ዝናቡ ሳያቋርጥ ሦስተኛ ቀኑ። ፋይናል እያረምኩ ነው።

የ45 በመቶ ዓይነቱን ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሬ አስገብቼዋለሁ። «ሙሉው ______ ነው» የሚለውን ሳይታዘዙ የጻፉ ብዙ ናቸው። ከጻፉት አብዛኞቹ አግኝተዋል። መስመሩን ጽፈው ባዶ የተዉትም አሉ፤ የመምህር ልማድ ብለው ነው የያዙት፣ ለምን እንደሆነ ገብቷቸው አይደለም። ይሄኛው ነው የሚያሳስበኝ። «አባዙና ለመቶ አካፍሉ»ን በሌላ ዘዴ ተክቼው ብቻ እንዳይሆን።

የረጅሙ ልጅ ወረቀት። የጭማሪና የቅናሽ ጥያቄ ላይ ስሌቱ ትክክል ነው። ከጎኑ በትንሽ ጽሑፍ፦ «የመጀመሪያው 20 የአሮጌው ዋጋ፣ ሁለተኛው 20 የአዲሱ ዋጋ። ስማቸው አንድ ነው እንጂ ገንዘባቸው አንድ አይደለም።» ሙሉ ማርክ።


ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ እማማ የባንክ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ሌሊቱን አልተኙም። 10,000 ብር አስቀምጠው ነበር፤ ወለድ 7 በመቶ፣ «ታክስ ደግሞ 5 በመቶ ይቆርጣሉ አሉኝ ልጄ፤ አምስት መቶ ብር ሊወስዱብኝ ነው?» አምስቱ የወለዱ ነው አልኳቸው፣ የገንዘብዎ አይደለም። ወለዱ 700፣ ታክሱ 35፣ የሚቀርዎት 665። ደብተሩን ተቀብለው ቁጥሩን ራሳቸው በጣታቸው ተከተሉ። «እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት» አሉ። መርቀውኝ ሄዱ።


ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ጭጋግ። እስከ ቀትር ፀሐይ አልታየችም።

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን አስታወቀ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ ዓርብ 57.48 የነበረው ዶላር ዛሬ 74.73። ታክሲ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት፣ ደረጃ ላይ፣ ሰው ሁሉ 30 በመቶ ይላል። አንዱ ዶላር 30 በመቶ ጨመረ፣ ሌላው ብር 30 በመቶ ወረደ። እንደ አንድ ነገር ነው የሚነገረው።


ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ዘይትና ሳሙና ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ያቺ «ለ115 ተካፍሎ» ያለችው ልጅ አባቷን እያገዘች ነው፣ ክረምት ስለሆነ። ስታየኝ ቆመች። «ቲቸር፣ አባቴ ብር 30 በመቶ ወረደ ይላል። እኔ አይደለም እያልኩት ነው።» አባቷ ሚዛኑን አስቀምጠው ሳቁ። «እስቲ ንገሪያቸው» አሉ።

የአባቷን ስልክ ወስዳ ካልኩሌተሩን ከፈተች። ባንኮኒው ላይ፣ በስኳር ከረጢትና በክብሪት መሃል። 74.73 ሲቀነስ 57.48፣ 17.25። ለ57.48 ሲካፈል፣ 0.30። «ይሄ የዶላሩ ነው፤ ሙሉው የድሮ ዋጋው ነው።» ጠረገችው። «አሁን የብር። አንድ ብር ድሮ ስንት ሳንቲም ዶላር ይገዛ ነበር?» አንድን ለ57.48፤ 1.74 ሳንቲም። አንድን ለ74.73፤ 1.34 ሳንቲም። ልዩነቱ 0.40። ለ1.74 አካፈለች።

ስልኩን አዙራ ለአባቷ አሳየች። ደንበኛ ገባ፣ እሱም አየ።

ዶላሩ 30 በመቶ ጨምሯል። ብሩ 23 በመቶ ወርዷል።